የላላው ፍሬን

ክላይቭ ደንስታንን ማዕበል እንደበላው ከተማው ሁሉ ወዲያው አመነ። አስከሬኑ ከቋጥኙ ሥር በሁለት ድንጋዮች መሐል ተሰክቶ ተገኘ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ ከላይ ስንጥቁ ውስጥ እንደቆመ ነበር፤ ማባበያውን ወደ ባሕር የሚወስደው ቀይ ፊኛም ክሩን እየጎተተ ሩቅ ሄዷል። በኬልሶ ዳርቻ ከድንጋይ ላይ የሚያጠምድ ሰው አሟሟቱ ይኸው ነው፤ ታዲያ ምኑ ይመረመራል? ነገር ግን ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ስለነበር ሐኪሙ ተጠራጠረ። መርማሪ ኖሪን ታልቦትም የሚያማትን ጉልበቷን እየረገመች ወደ ቋጥኙ ወረደች። ጡረታ ልትወጣ ትንሽ ነው የቀራት። ሬሳ ማየት ሰልችቷታል፤ በሕይወት ያለውን ሰው መጠየቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ሰልችቷታል።

የክላይቭ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ ዴዝ ዘንጉ አጠገብ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት፣ ገና ምንም ሳትጠይቀው።

«እንዴት አድርገህ?»

«ተኝቼ! እዚህ ብቻውን የሚያጠምድ ሰው የለም። አንዱ ሲያጠምድ ሌላው ባሕሩን ይጠብቃል፤ ማዕበል ሲመጣ ይጮኻል። ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ ብዬው እንቅልፍ ጣለኝ። ብቻውን ወረደ፣ አለቀ!»

ኖሪን ጓንቷን አጥልቃ ክሩን ስትስብ ዘንጉ ላይ ያለው የክር መጠቅለያ ያለ ምንም ተቃውሞ ዞረ። ዓሣው ክሩን እንዳይጎትት የሚይዘው ፍሬን ጨርሶ ላልቷል።

«ምን ሊይዝ ነበር?»

«ኪንግፊሽ ነዋ፣ ያን ጉልበተኛ ዓሣ! ሌላ ምን አለ እዚህ?»

«ለኪንግፊሽ ፍሬኑን እንዴት ነው የምታደርገው?»

«ጥርቅም! ያ ሰይጣን መንጠቆውን እንደዋጠ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ነው የሚወርደው። አንድ ክንድ ከለቀቅክለት ክርህን በጥሶ ጉድ ይሠራሃል። አባትሽ አላስተማረሽም እንዴ?»

«አስተምሮኛል። ስትጨርሱስ ታላሉታላችሁ?»

ዴዝ አፈረ። «ማላላቱን ሁሉም ያውቃል። ጠብቆ ካደረ ውስጡ ተጣብቆ ይበላሻል። ግን እኔና ክላይቭ... ኧረ ተይን እባክሽ! ዕቃችንን በር ላይ ጥለን ነው የምንገባው። እሱማ ከእኔም ይብሳል፤ በሕይወቱ አንዲት ፍሬን አላልቶ አያውቅም።»

መንጠቆው ከውኃው ሲወጣ ለማባበያ የተሰካው ትንሽ ዓሣ አልወለቀም ነበር። መንጠቆው ከጀርባ ክንፉ ፊት ለፊት ቆዳውን ብቻ ወግቶ አልፏል፤ ዓሣው ሳይሞት እንዲዋኝ።

«ይህን የሰካው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለች ኖሪን።

«ክላይቭ ነዋ» አለ ዴዝ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

የሐኪሙ ውጤት እስኪመጣ ቀናት አለፉ። በነዚያ ቀናት ዴዝ ዳቦ ቤት ሲገባ ወሬው ጸጥ ይላል። ጓደኛውን ያስበላ ሰው ተባለ። በኋላ ከቤት መውጣቱንም ተወው።

በመጨረሻ ሐኪሙ «ሳንባው ውስጥ ውኃ የለም፤ ባሕር ሳይገባ ነው የሞተው» ብሎ ላከ። ኖሪን የክላይቭን ወንድም ሌስተርን ከወደቡ አገኘችው። በመጠቅለያ ፈንታ አሮጌ የእንጨት መንኮራኩር ዘንግ ላይ አስሮ እያጠመደ ነበር።

«እኔን ነው አይደል የምትጠረጥሩት?» አላት ፊቱን ሳያዞር።

«ከወንድምህ ጋር ለምን ተኳረፋችሁ?»

«ቋጥኙን ለአንድ የሲድኒ ሰው አሳየሁበታ! እንግዳ እንዲያጠምድበት አይፈልግም ነበር። የልጁ የኢያን ቀብር ላይ እንኳ እጄን አልጨበጠም።»

«ልጁ እንዴት ሞተ?»

«እዚያው ቋጥኝ ላይ፣ ማዕበል ወስዶት። ባሕሩ ተቆጥቶ ሳለ ክላይቭ ነው 'ምን ትፈራለህ' እያለ ይዞት የወረደው። ሚስቱ ግሌኒስ ከዚያ ወዲህ ወደ ቋጥኙ ዞራ አይታ አታውቅም።»

«ይህ መንኮራኩር ፍሬኑ የት ነው?»

ሌስተር የጠነከረ መዳፉን ዘረጋላት። «ይኸውልሽ! መንኮራኩሩ የአባቴ ነው። ሌላ ፍሬን አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ግሌኒስ ጥቁር ሹራብ ለብሳ በር ከፈተችላት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንቺስ ታጠምጃለሽ?»

«እኔ? ስለ ዓሣ መጥበሱን ብቻ ነው የማውቀው» አለች ግሌኒስ።

ኖሪን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ብዙ ቆየች። ስትወጣ ሦስት የክላይቭ ዘንጎችን ታቅፋ ነበር። ዴዝንና ሌስተርን አስጠራች፤ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ለሦስቱም አንዳንድ ዘንግ ሰጠቻቸው።

«የክላይቭ መሆናቸውን አረጋግጡልኝ።»

አገላብጠው አዩና «የሱ ነው» አሉ። ሻይ ቀረበ። ስለ ቀብሩ፣ ስለ አየሩ ወሬ ተነሣ፤ ዘንጎቹንም አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አስደገፏቸው። ኖሪን ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ዴዝ፣ አንተ ማንንም አልገደልክም» አለች። «ክላይቭ የሞተው ከውኃ ውጭ ነው። ያን ቀን ጎህ ሲቀድም ማንም ቋጥኙ ላይ ሆኖ አላጠመደም። በላላ ፍሬን ኪንግፊሽ የሚጠብቅ ሰው የለም። ዘንጉን ሰው ነው ወስዶ ያቆመው። ያውም መንጠቆ መስካት የሚያውቅ ሰው።»

«እንደዚያ የሚያውቅ ሰው ፍሬኑን ለምን ያላላዋል?» አለ ሌስተር።

«ሳያስበው። እጁ ስለለመደ። አንተ ፍሬን አታውቅም፤ ዴዝና ክላይቭ አያላሉም። ግን ዕቃ ቤቱን አየሁት። በር ላይ እየተጣሉ የኖሩት የክላይቭ መጠቅለያዎች አዲስ ይመስላሉ። የባሕሩ ጨው ታጥቧል፣ ፍሬናቸው ሁሉ ላልቷል። ስለዚህ እሱ በጣለ ቁጥር ከኋላው እያነሣ የሚያጥብና የሚያላላ ሰው ነበረ። እነዚህን ሦስቱን አጥብቄ ነው የሰጠኋችሁ። እስቲ ክሩን ሳቡት።»

ዴዝ የያዘውን ሳበ፤ ንቅንቅ አላለም። የሌስተርም አልተንቀሳቀሰም። ኖሪን የግሌኒስን ስትነካው ክሩ እስከ ወለሉ ተተረተረ።

ግሌኒስ ጣቶቿን አየች። «መቼ ነካሁት?»

«ሻይ ሲቀዳ» አለች ኖሪን። ማወቋ ምንም ደስታ አልሰጣትም።

«ሳላገባው በፊት እኔም አጠምድ ነበር» አለች ግሌኒስ። «ያን ማታ 'ነገ ቲሊን ይዣት እወርዳለሁ' አለኝ። የኢያንን ልጅ! እዚያው ቋጥኝ ላይ! ለመንኩት። 'ምን ትፈሪያለሽ' ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ጭንቅላቱ የዕቃ ቤቱን ደረጃ መታው። ልገድለው አልነበረም። በዓሣ ጋሪው አወረድኩት። ያን ቋጥኝ ከልጄ ወዲህ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።»

«ግሌኒስ!» አለ ዴዝ። «እኔኮ ራሴን ልሰቅል...»

«አውቃለሁ። ስታለቅስ በግድግዳው በኩል እሰማህ ነበር። በየቀኑ ልነግርህ እነሣና በር ላይ እመለሳለሁ። ይቅር በለኝ። ደክሞኝ ነበር።»

ኖሪን የግሌኒስን ካፖርት አቀበለቻት። ግሌኒስ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ቲሊ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ማን ይቀበላታል?»

«እኔ አለሁ» አለ ሌስተር። «ቋጥኙ አጠገብ አትደርስም።»

ኖሪንና ግሌኒስን የያዘው መኪና ሲሄድ ዴዝ ከወለሉ ላይ የተተረተረውን ክር ቀስ ብሎ ጠቀለለ። ከዚያ ሌሎቹን ሁለት ዘንጎች ጭኑ ላይ አጋደማቸውና፣ እያለቀሰ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬናቸውን አላላ።