የእንጦጦው ሦስተኛ ቤታችን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ሰዎች ስለ ባዶ ቤትና ስለ ድምፅ ሲያወሩ «አይጥ ይሆናል» ብዬ የማልፍ ሴት ነበርኩ፣ አሁንም የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ እስከ ዛሬ መልስ ስላጣሁለት ነው።

ከታላቅ ወንድሜ ከቢንያም ጋር ሻንጣቸውን አዝለው ለሚዞሩ ወጣት ቱሪስቶች ርካሽ ማደሪያ እንሠራለን። የመጀመሪያውን ሆስቴል ፈረንሳይ ለጋሲዮን በወላጆቻችን ቤት ከፈትን፣ ሲሞላብን ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ተከራይተን ሁለተኛውን ጨመርን፣ ቢንያም ግን አላረፈም፣ እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፉ መሀል ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ሰፊ ቤት አገኘና ያለንን ሁሉ እዚያ አፈሰስነው። ይህ ቤት ካልሠራ ሦስቱም መዘጋታቸው ነው።

ልንከፍት ጥቂት ቀናት ሲቀሩን፣ በክረምት፣ አመሻሽ ላይ፣ ጉሙ ወርዶ ግቢው አይታይም፣ መብራትም ጠፍቷል። ቢንያም ውጭ በሩ ላይ ታፔላ ይሰቅላል፣ እኔ የትልቁን የጋራ መኝታ ክፍል ተደራራቢ አልጋዎች አንጥፌ ጨረስኩ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሳሎን ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት አልጋ ሲጥጥ ሲል ነው፣ ልክ ሰው ሲወጣበት እንደሚለው። ብረት በብርድ ይጮሃል ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ጫማ ወለሉ ላይ ዱብ አለ፣ ከዚያ ሌላኛው እግር፣ በቃ አለቀ ስል፣ እመኑኝ፣ ደግሞ ሌላ ወደቀ፣ ደግሞ ሌላ፣ ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር፣ ቀኑን ሙሉ ሲራመዱ የዋሉ ሰዎች ጫማቸውን የሚያወልቁ ይመስል። ከዚያ የሻንጣ ዚፕ፣ ከዚያ ሊተኙ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች፣ ቋንቋው ግን አልለይ አለኝ።

ቢንያም መዶሻውን እንደያዘ ገባ፣ እሱም ሰማ፣ ተቆጣ።

«ሳንከፍት ማንን ነው ያስገባሽው?» አለኝ።

ማንንም እንዳላስገባሁ ነግሬ ቁልፉን ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። ተቀብሎኝ በሩን ሲከፍተው ወሬው ቀጥ አለ፣ እናንተ እያወራችሁ የማታውቁት ሰው ሲገባባችሁ ዝም እንደምትሉት።

ማንም የለም። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው፣ ሌላ በር የለም። ግን ወጥሬ ያነጠፍኳቸው አንሶላዎች በሙሉ ተጨማድደዋል፣ ትራሶቹ መሀላቸው ጎድጉዷል፣ መስታወቱም ብዙ ሰው የተነፈሰበት ይመስል ከውስጥ በኩል ጭጋግ ለብሷል። አንዱን ትራስ ነካሁት፣ ይሞቃል።

ቢንያም የአዲሱ ቀለም እርጥበት ነው ምናምን አለ፣ ከዚያ ክንዴን ያዘኝ።

«ሰናይት፣ ለማንም እንዳትነግሪ። እንከፍታለን።»

ከፈትን። ከሦስቱ ይበልጥ የሚሞላው እሱ ሆነ፣ እንግዶቹም ክፉ ነገር አይሉም፣ እንዲያውም ጥሩ እንቅልፍ ተኛን ነው የሚሉት። የጨነቀኝ ወንድሜ ነው። አራተኛ፣ አምስተኛ እያለ ሲያልም የኖረ ሰው፣ ለአራተኛው ብለን ካራ ላይ ያገኘነውን ቦታ ተወው፣ ልብሱን ጠቅልሎ እንጦጦው ቤት ገባ፣ ወደ ከተማ መውረድም አቆመ፣ እኔ ደግሞ ወደዚያ የምወጣበት እግር የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ የእንጦጦን መንገድ ስላበላሸው እንግዶቹን ሁሉ ወደ ሲ.ኤም.ሲ አዛወርን፣ እሱ ብቻ አልወርድም ብሎ ቀረ። እንዴት እንደሆነ ልጠይቀው ደወልኩ፣ ከጀርባው ሰው ያወራል።

«ማን አለ?» አልኩት።

«ማንም። ዛሬ ባዶ ነን» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

ታዲያ ለምን እንደሚያንሾካሹክ ጠየቅኩት። ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ፣ ለሌላ ሰው «እህቴ ናት» ሲል ሰማሁት፣ ስልኩም ተዘጋ።