ሰባተኛውን ትምህርት የዘለለችው ቀጭኔ

ቀጭኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ ከልብስ ስፌት ሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ቀጭኔ ያሏት አንገቷ ረጅም ስለሆነ ነው። እንዳትስቁባት፤ እሷ ስሙን ትወደዋለች።

ቀጭኔ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት አማራት። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚያስተምር አንድ ሰውዬ አገኘች። ሃያ ቪዲዮ አለው። ሁሌም ሲጀምር «አትቸኩሉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። የእኛን ቀጭኔ ግን ማን ይቻላት! ሰውዬውን በእጥፍ ፍጥነት ታስሮጠዋለች። ሰባተኛው ቪዲዮ ላይ ስትደርስ «ኧረ ይሄስ ረዘመ!» ብላ ዘለለችው።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ለጨዋታው የሠራቻት ድመት መሬት ላይ አልቆም አለች። ጨዋታው ሲጀመር መሬቱን አልፋ ቁልቁል ትወርዳለች። ሦስት ቀን ሙሉ ወደቀች። ቀጭኔ የምትማርበት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በእጃቸው የሠሩትን ለወላጆች የሚያሳዩበት እሑድ ደግሞ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እናቷ ለደንበኞቿ ሁሉ «የኔ ልጅ ጨዋታ ሠርታለች!» ብላ አውርታለች።

ሰውዬው ተማሪዎቹ ከራሳቸው ሥራ ጋር እንዲያስተያዩት ያለቀውን ጨዋታ ከቪዲዮው ሥር አስቀምጦታል። ቀጭኔ አወረደችው። የድመቷን ቀለም ቀየረች። የሰውዬውን ስም አጠፋችና የራሷን ጻፈች።

«ማን ያየኛል?» አለች። ማን እንደሚያይ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ልጆች።

እሑድ ደረሰ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ግድግዳው ላይ በሚታየው ጨዋታ ውስጥ ድመቷ ስትዘል ሁሉም አጨበጨበ። እናቷ ከፊት ተቀምጣ በደስታ ታለቅሳለች። ቀጭኔ ግን ዓይኗን ከእናቷ ዓይን አሸሸች።

የጎረቤታቸው የአናጢው የአምስት ዓመት ልጅ ሊጫወት ወጣ። ድመቷ ጉድጓድ ውስጥ ገባችበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እትዬ ቀጭኔ፣ ትንሽ ከፍ ብላ እንድትዘል አድርጊልኝ።»

«ምን ችግር አለው?» አለች የሰንበት መምህርቷ። «የሠራሽው አንቺ ነሽ። እዚሁ አስተካክዪለት።»

ቀጭኔ የጨዋታውን የውስጥ ጽሑፍ ከፈተች። መስመር በመስመር ላይ ተደርድሯል፤ ዝላዩ የቱ ጋ እንዳለ አታውቅም። «ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ ልበል?» ብላ አሰበች። አያችሁ፣ አንድ ውሸት ሌላ ውሸት ይወልዳል። ሕፃኑ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«አልችልም» አለች። «እኔ አልሠራሁትም። የሰው ነው። ስሙን አጥፍቼ ስሜን ጻፍኩበት።»

አንዷ ደንበኛ «ወይ ጉድ!» ስትል ተሰማ። ቀጭኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እናቷ ብድግ ብላ መጣች። ዓይኗ አሁንም እርጥብ ነው።

«አሳፈርሽኝ» አለቻት ቀስ ብላ። «ግን ዋሽተሽ ቤቴ ከምትገቢ ይሄ ይሻለኛል። የተጣመመ ስፌት ይተረተራል እንጂ አይደበቅም። በይ፣ ተርትሪ።»

ቀጭኔ በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ፊደል በፊደል አጠፋች። እንባዋ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ የሰውዬውን ስም መልሳ ጻፈች። ከዚያ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ የኔ ጌታ። ተምሬ እሠራልሃለሁ።»

«መቼ?» አለ እሱ። እናቷ እንኳ ሳቋ አመለጣት።

በማግስቱ ቀጭኔ ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጀመረች፤ ሳትዘል፣ ሳታስሮጥ። ድመቷ መሬት ላይ እንድትቆም የሚያስተምረው ለካ ያ የዘለለችው ሰባተኛው ቪዲዮ ነበር። ስድስት ሳምንት ፈጀባት። አዲሷ ድመት አንድ ጆሮዋ ከሌላው ይበልጣል፤ ስትራመድም ትንሽ ታነክሳለች። የአናጢው ልጅ ግን ጉድጓዱን ተሻገረ፣ እየጮኸ አዳራሹን ዞረው።

ልጆች፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ጎዶሎም ቢሆን በራሳችሁ ድካም የሠራችሁትን አሳዩ፣ ስትሳሳቱም ሳትደብቁ ተናገሩ።