ያልተላቀቁ ገጾች

አስከሬኑ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። የጡረተኛው የትምህርት ቤት ዲሬክተር አገጭ ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ጭናቸው ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቆዳ የለበሰ፣ የገጾቹ ጠርዝ በወርቅ የተቀባ አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ ተዘርግቷል። ላያቸው ሰው እያነበቡ እንቅልፍ ያሸለባቸው ይመስላሉ። ሐኪሙ ግን ከከንፈራቸው መሃል ቀጭን የትራስ ክር በወረንጦ መዘዘና «አልተኙም፤ ታፍነው ነው» አለ።

ኢንስፔክተሯ አጎንብሳ መጽሐፉን አየች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ከገባችበት ክር ሳትጎትት ስለማትወጣ። መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ላይ ተከፍቷል። ቁራጭ ወረቀት አስገብታ ዘጋችውና ማንም ሳያይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ዲሬክተሩ አንዴ ደረጃው ላይ ተንከባለው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ፣ አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ስትወጣ የብረት በሩን ከውጭ ትቆልፍባቸዋለች። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ምራቲቱ፣ ታላቅ ልጃቸውና እህታቸው። በሩ አልተሰበረም፤ ፍርግርጉም አልተነካም። የመርፌ ሥራ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ግን ቀድሟት መርጦ ጨርሷል። በስልክ ጮኸባት። «ቁልፍ አላት፤ ቤት ውስጥ ነበረች፤ አስከሬኑንም አገኘሁ ያለችው እሷ ናት። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ሳይመሽ ምራቲቱን ይዘሻት ነይ!»

ምራቲቱ ወጥ ቤት ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ቁልፉን ጨብጣው መዳፏ ደም መስሏል። ባሏ፣ የዲሬክተሩ ታናሽ ልጅ፣ በወጣትነቱ ሞተባት። አማቷን ጥላ መሄድ አልሆንልሽ ስላላት እዚሁ ቀረች።

«መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር» አለች። «ስመለስ… እንዲያ ሆነው አገኘኋቸው።»

«ስትወጪ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት የመጣላቸውን መጽሐፍ ቅዱስ ይደባብሱታል። ደስ ብሏቸው ነበር።»

«ያነቡ ነበር?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ፍርግርጉ አዞረች። «እሱን አይጠይቁኝ።»

«ለምን?»

«ቃል አስገብተውኛል። አፈር ሳይለብሱ አላፈርሰውም።»

«እህቴ፣ ይሄ ዝምታ ያሳስርሻል።»

«ድሮስ መቼ ተፈታሁ?» አለች፤ ወዲያው የተናገረችው ራሷን አስደነገጣት። «እሳቸውን ጠልቼ አይደለም። ቤቱ… ቤቱ ነው እንጂ። ግን እስር ቤት እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ።»

መርፌ አመነቻት። ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አዛዡም በእምነት የሚመለስ ሰው አይደለም።

ታላቅየው ልጅ መኪና ሻጭ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ይዞ ይንጎራደዳል። ለቅሶው ከፍ ያለ ነው፤ መሃል መሃል ላይ ግን ስልኩን ያያል።

«ከምሳ በኋላ መጥቼ ነበር» አለ። «ሁልጊዜ እሑድ እሑድ ነው የምመጣው፤ ዛሬ ግን አባቴ ናፈቀኝና ሳልነግረው ብቅ አልኩ። በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። እሷ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። አባቴ በአዲሱ መጽሐፍ ቅዱሱ መዝሙረ ዳዊትን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያገላበጠ አነበበልኝ። ደህና ነበር። ትቼው የወጣሁት ከሷ ጋር ነው። እንግዲህ ሌላውን እርስዎ ይጨምሩበት።»

«መጽሐፉን ነክተውታል?»

«ኧረ እኔ! እሱ መጽሐፉን ለማን ያስነካል? ልጅ ሳለሁ እንኳ ቁምሳጥኑን ይቆልፍብኝ ነበር።»

«እሷ ለምን ትገድላቸዋለች?»

«ቤቱን ለሷ ሊያወርስ ነዋ! ባለፈው እሑድ በአፉ ነግሮኛል። መጠበቅ አቃታት።»

መርፌ አመስግናው ወጣች። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ እሷም ሰው ሲያወራ ማቋረጥ አትወድም።

የሟቹ እህት በዕድሜ የገፉ፣ ምላሳቸው ግን ገና ያልጃጀ ሴት ናቸው። በወንድማቸው ክፍል በር ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም ይቆጣሉ።

«እማማ፣ ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ፤ ጉንፋን ይዞኝ። ማን አየሽ ካልሽኝ ትራሴ። ወንድሜን ገደልሽ ልትዪኝ ነው?»

«መጠየቅ ሥራዬ ነው።»

«እንግዲያስ ጠይቂ። ሚስቱን በሳምንት የመረጠ ሰው፣ ይሄን መጽሐፍ ቅዱስ ሲመርጥ ዓመት ሊሞላው ነበር! ይሄ ቆዳው ይሸታል፣ ያ ወረቀቱ ይሻክራል፣ ይሄ ማብራሪያው ስስ ነው እያለ ሻጩን አሰቃየው። ምነው ስለው፣ አይቸኩልም፤ ነፍሴን ይዤ የምቀመጥበት ነው ይለኛል።» እንባቸው መጣ። «ይኸው አንድ ቀን እንኳ ሳይጠግበው!»

«ዓይናቸው እንዴት ነበር?»

አሮጊቷ አፍንጫቸውን ረዘም አድርገው ጠረጉ። «የሽማግሌ ዓይን ነዋ» አሉና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ጉንፋናቸውን ማማረር ጀመሩ።

መርፌ ብቻዋን ወደ ክፍሉ ገባች። ወንበሩ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል፤ ብርሃን የሚፈልግ አንባቢ እንዲህ አይቀመጥም። በላዩ ያለው የማንበቢያ መብራት አምፑሉ ጠቁሯል። የመነጽሩ ቤት መደርደሪያው ላይ ከአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ተሸጉጧል፤ ስታነሳው ጣቷ በአቧራው ላይ ማህተም ሠራ። መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥታ የገጾቹን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ አንዱን ገጽ ለብቻው ለመግለጥ ሞከረች። ሞክራም ቆም አለችና ፈገግ አለች።

መጽሐፍ ሻጩ ያልተፈለጉትን ሌሎች ሁለት መጽሐፍ ቅዱሶች ሊወስድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሞቱን ሲሰማ ደረጃው ላይ ዘጭ አለ።

«ዛሬ ጠዋት እንዴት እንደመረጡ ንገረኝ» አለችው።

«በእጃቸው ነው የመረጡት። ቆዳውን ዳሰሱ፣ ወረቀቱን አሸተቱ፣ በአንድ እጃቸው አንስተው መዘኑ። “እጅ ያዝላል? ህዳጉ ለመጻፍ ይበቃል? የግርጌ ማብራሪያው ሁሉም ገጽ ላይ አለ?” አሉኝ።»

«ስለ ፊደሉ መጠንስ?»

ሻጩ አሰበ። «ይገርማል! በሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ከምንም በፊት ትልቅ ፊደል ነው የሚለኝ። እሳቸው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። የመረጡት ደግሞ ደቃቅ ፊደል ያለውን ነው።»

«ጠርዙ ወርቅ የሆነ አዲስ መጽሐፍ ገጾቹ ይጣበቃሉ?»

«አዎ፤ ወርቁ ያያይዛቸዋል። አንድ በአንድ በቀስታ ነው የሚላቀቁት። ለገዛ ሁሉ የምነግረው ነው።»

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር መርፌ ሁሉንም የዲሬክተሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ባዶውን ወንበር ግን ማንም ሊያየው አልደፈረም። ወንበሩ አጠገብ አንድ ፖሊስ ቆሟል። መርፌ የብረት በሩን ቆለፈችው። ምራቲቱ የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያለቀላት መሰላት።

«ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» አለ ታላቅየው። «ካቴናውን ያስገቡላትና እንገላገል።»

«እንገላገላለን» አለች መርፌ። መጽሐፍ ቅዱሱን ምልክቱ ላይ ከፍታ ሰጠችው። «አባትዎ ያነበቡልዎት እዚህ ነው?»

«አዎ። መዝሙረ ዳዊት ነው።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ እያገላበጡ ነው ያሉኝ። እስቲ አንድ ቅጠል ወደ ኋላ ይግለጡልኝ። አንድ ብቻ።»

ታላቅየው ጣቱን ሰደደ። የተገለጠው አንድ ቅጠል አልነበረም፤ እንደ ካርቶን የተያያዘ ጥቅል ነበር። ጎተት ሲያደርገው ጠርዙ ጠቅ ጠቅ አለ፤ የወርቅ ብናኝም ጣቱ ላይ ቀረ።

«የመዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ እንደተጣበቀ ነው» አለች መርፌ። «ከዚህ በኋላ ያለውም እንደዚያው። በመላው መጽሐፍ የተላቀቀው ይኸው የተከፈተበት ቦታ ብቻ ነው። አባትዎ የቱን እያገላበጡ አነበቡልዎ?»

«እንግዲያስ እዚሁ ገጽ ላይ ይሆናላ!» ድምፁ ከፍ አለ። «አባቱ የሞተበት ሰው ሁሉን ያስታውሳል እንዴ?»

«ይሁን። አንድ ገጽ አነበቡ እንበል። በየትኛው ዓይናቸው?»

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምራቲቱ የጨፈነችውን ዓይኗን ገለጠች።

መርፌ ቀጠለች። «አምፑሉ ከተቃጠለ ስንት ጊዜው! የቀየረው የለም። መነጽራቸውን አቧራ በልቶታል። መጽሐፍ በመዳፍና በአፍንጫ ነው የሚመርጡት። ዲሬክተሩ ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። ጥላ ቢለዩ ነው እንጂ፣ ፊደል ቀርቶ ፊትም አይለዩም ነበር። እማማ፣ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም ልጄ» አሉ አሮጊቷ እየተንሰቀሰቁ። «እኛንም እንዳንናገር በስሙ አስምሎን ነው።»

«ውሸት ነው!» አለ ታላቅየው። «ባለፈው እሑድ ጋዜጣ ከላይ እስከ ታች አንብቦልኛል! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ጠዋት እኔ አንብቤላቸው ነው፣ ጋሼ» አለች ምራቲቱ። ሚስጥሩ ከወጣ ወዲያ የምትጠብቀው ቃል አልነበራትም። «እሑድ እሑድ አንተ ከመምጣትህ በፊት ሦስት አራት ጊዜ ያስደግሙኝና በቃላቸው ይይዙታል። ስትመጣ ጋዜጣውን ዘርግተው ይሉልሃል። ስትሄድ በላብ ይጠመቃሉ።»

«ለምን? ከኔ ምን ያስደብቀዋል?»

«“ዓይንህ የጠፋ ዕለት የአረጋውያን ማቆያ አስገብቼህ ቤቱን እሸጠዋለሁ” ብለሃቸው ነበራ።»

መርፌ ወደ ባዶው ወንበር ጠጋ አለች።

«ገዳዩ ሽማግሌውን ካፈነ በኋላ እያነበቡ ያንቀላፉ ለማስመሰል መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘረጋ። ምራታቸው ብትሆን ለማያነብ ሰው መጽሐፍ አትዘረጋም። እህታቸውም አይዘረጉም። ይህን ስህተት የሚሠራ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዓይናቸውን መጥፋት የደበቁት ሰው። ቸኩሎ መሃሉን ፈለቀቀው፤ መጽሐፍ ቅዱስን መሃሉን የፈለቀቀ ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን ያገኛል። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት እርስዎ ሳይጠሩ ነው። ካልተነበበልዎ፣ የት ላይ እንደተከፈተ በምን አወቁ?»

ልጁ ወደ በሩ አየ፤ ተቆልፏል። ወደ መስኮቱ አየ፤ ፍርግርግ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ስለ ቤቱ ልከራከረው ነው የመጣሁት» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝና… ወደ ፊቴ እያየ “ማነህ?” አለኝ። ልጅነቴን የካደኝ መሰለኝ። “ማነህ?” አለኝ… አላየኝም ነበር ማለት ነው?»

ፖሊሱ ብብቱን ይዞ አስነሳው፤ መርፌም የብረት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። የእግራቸው ድምፅ ደረጃውን እየወረደ ራቀ።

ምራቲቱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «እኔስ?» አለች። «መሄድ እችላለሁ?»

«ወደፈለግሽበት» አለች መርፌ። ከዚያ ወደ መጽሐፍ ሻጩ ዞረች። «ሳልጠይቅህ የቀረ አንድ ነገር አለ። ማንበብ የማይችሉ ሰው፣ ህዳጉ ሰፊ፣ ከእጅ የማይከብድ፣ ማብራሪያው የበዛ መጽሐፍ ቅዱስ ለማን ነው የመረጡት?»

ሻጩ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ምራቲቱን አየ።

«“ማታ ማታ ታነብልኛለች” አሉኝ። “እያነበበች ይሄ ምን ማለት ነው አባባ ትለኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ። እኔ ስሄድ ማን ይመልስላታል? የምትጠይቀውን ሁሉ የሚመልስላት ፈልግልኝ” አሉኝ። ዓመት ሙሉ የፈለግነው እሱን ነው።»

ከሞቱ ጀምሮ ልጅቷ ለራሷ ከመፍራት በቀር ለሌላ ነገር ፋታ አላገኘችም ነበር። አሁን ወንበሩን ታቅፋ «አባባ! አባባዬ!» ብላ ጮኸች፤ እንባዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ።