ከማዶ አንገቱን ሰበር ያደረገው ሰውዬ

የምላችሁ እውነት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

እሁድ ነበር... ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ቦነስ አይረስ፣ ቦኤዶ ሰፈር፣ እኛ የምንደንስበት የታንጎ አዳራሽ ውስጥ።

ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ትገባለች። የሚያስፈራው ጨለማ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ታናሽ እህቴን ኤልቪራን ጎትቼ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ባሏ ኦራሲዮ ከሞተ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል። «ቢጠራኝ እሄዳለሁ» ትላለች። እህቴን በቁሟ እያጣኋት ነበር።

ታንጎ ያድናታል ብዬ ነው። አያቶቻችን ተሰደው ከመርከብ ወርደው አንድ ግቢ ውስጥ ታጭቀው ሲኖሩ፣ የአገራቸውን ናፍቆት ያለቀሱት በዚሁ ሙዚቃ አይደል?

«እዚህ ከኋላዬ ቁጭ በይ» አልኳት።

አኮርዲዮን የሚመስለው ባንዶኔዮን ማንጎራጎር ጀመረ... አንጀት ይበላል።

በእኛ ዘንድ ወንድ መጥቶ «እንደንስ» አይልም። ከማዶ ያይሻል፤ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። አንቺም ሰበር ካደረግሽ አለቀ። አንድ ዙር አራት ዘፈን ነው፤ ሳያልቅ ጥለሽው መሄድ ነውር ነው።

ከጥግ አንድ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አንገቱን ሰበር አደረገ። ፊቱ በደንብ አይታይም።

እኔም ሰበር አደረግሁ።

መጥቶ ሲያቅፈኝ... እጁ በረዶ!

ጉንጩ ግንባሬ ላይ ነው። ትንፋሹን ጠበቅሁ...

የለም።

ጎረቤታችን ሬሚሂዮ ሚስቱን አቅፎ ባጠገቤ ሲያልፍ ሳቀብኝ። «አንቺ ኢርማ! ሰው ጠፍቶ ነው ብቻሽን የምትደንሺው?»

ብቻሽን?

ክው አልኩ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰውዬው ግራ እግሩን ጎተት አደረገ... ቆም... ከዚያ ቀጠለ።

እንደዚያ የሚረግጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ጉልበቱ የተጎዳው ኦራሲዮ። አልቅሼ ቀብሬዋለሁ እኮ!

ያኔ ገባኝ። የጠራው እኔን አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጠችውን ነው።

«ኦራሲዮ» አልኩት በሹክሹክታ። «ተዋት።»

መደነሱን ቀጠለ።

«ገና ልጅ ናት... እኔን ውሰደኝ።»

ጉንጩ ግንባሬ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። እምቢ ማለቱ ነው።

አራተኛው ዘፈን አለቀ። ሲያልቅ ደግሞ ወንዱ ሴቷን ወደ ወንበሯ ይመልሳታል። ልቆም ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ክንዴን ይዞ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛችን ወሰደኝ...

«ኤልቪ! አትዪው! መሬት መሬቱን እይ!»

ቀና አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች።

«እትዬ... እንዴት አምሮበታል!»

አንገቷን ሰበር አደረገች።

ክንዴ ላይ የነበረው ብርድ ጠፋ። ዞር ብል ማንም የለም።

ኤልቪራ ግን ቀጣዩ ዙር ሲጀመር ተነስታ፣ ዓይኗን ጨፍና መሀል ላይ ትደንሳለች። ዘፈኖቹ አለቁ። ሰው ሁሉ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እሷ አላቆመችም።

«ኤልቪ! በማርያም ይዤሻለሁ!» እያልኩ ሮጬ ደረስኩባት።

ጀርባዋ ላይ... የቀሚሷ ጨርቅ በአምስት ጣት ቅርጽ ወደ ውስጥ ተጭኖ ነበር።