ከጉና የወረደው ሳጥን

ደሳለው አመሻሽ ላይ ከብቱን በሚያጠጣበት ምንጭ ዳር ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። አጠገቡ የተተረተረ ፊኛ፣ ክር፣ ትንሽ የላስቲክ ጃንጥላና አንድ ትንሽ ነጭ ሳጥን ወድቋል። በማግስቱ ጠዋት መንደሩ የብዙነሽን ደጅ ከበበ። ልጇ መክሊት ጉና ሥር ባለው የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ትሠራለች፤ ፊኛውን ወደ ሰማይ የምትለቀው እሷ ናት።

«አውጫት!» አሉ ሽማግሌው አያ ሙላቴ። «ሰማዩን እየወጋች በረዶ አመጣችብን። አሁን ደግሞ ሰው ገደለች።»

ብዙነሽ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዝናሽ ከደብረ ታቦር ባትደርስ ኖሮ በሩም ልጅቷም አይተርፉም ነበር።

ዝናሽ ሳጥኑን በመዳፏ እየመዘነች መክሊትን ጠየቀቻት። «ይህ ምን ይሠራል?»

«ፊኛው ይዞት ሲወጣ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበትና ግፊት እየለካ በሬዲዮ ይልክልናል። ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከፍታውን በዚያ እናውቃለን። ፊኛው በመጨረሻ አብጦ ይፈነዳል፤ ሳጥኑም በትንሽ ጃንጥላ ይወርዳል።»

«ከወደቀ በኋላስ?»

«ባትሪው እስኪያልቅ መላኩን አይተውም። ትናንት የላዩ ንፋስ መልሶ እኛው ጋ ስለጣለው ሬዲዮው አልጠፋም። እኛ ግን የመሬቱን አናየውም፤ ሥራችን የላዩ ነው።»

«ከወደቀ በኋላ የላከውንም በወረቀት አምጪልኝ።»

ብዙነሽ የልጇን ክንድ ያዘች። «አትስጪያት» አለቻት ቀስ ብላ። «በገዛ ወረቀትሽ ያስሩሻል።»

መክሊት ግን ወረቀቱን ልታመጣ ሄደች።

ዝናሽ ከሟች ጋር በወሰን የሚካሰሰውን አስናቀን አስቀድማ ጠራችው።

«አላለቅስለትም» አለ። «ግን ትናንት ፍርድ ቤት ዋልሁ። የመጣሁት በመጨረሻው ሚኒባስ ነው፤ ሾፌሩን ጠይቂው።»

የሟች እህት ማሬ ቀጠለች። ከአረብ አገር ተመልሳ ዋልልኝን አግብታ ነበር፤ ደብድቦ አንድ ክንዷን ሲሰብራት ወንድሟ ቤት ገባች። «ደሳለው ለእሑድ ሽማግሌ ቀጥሮልኝ ነበር» አለች። «ፍቺዬን ሊያስጨርስልኝ።»

ዋልልኝ ሲጠየቅ አልተደበቀም። «ሚስቴን የነጠቀኝ እሱ ነው። እኔ ግን ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ፣ ላይ ተራራው ላይ፣ የገብስ ማሳዬን ከጭላዳ ዝንጀሮ ስጠብቅ ነበርሁ። አልወረድሁም።»

«ሌላ ሰው አብሮህ ነበር?»

«በዚያ ብርድ ማን ይወጣል? እኔና ጭላዳ ብቻ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጣቢያው ግቢ ተሰበሰቡ። ዝናሽ ሳጥኑን አያ ሙላቴ እጅ ላይ አኖረችው።

«ክብደቱ የሁለት እንቁላል ያህል ነው። ራስ ይፈረክሳል?»

ሽማግሌው ሳጥኑን መዝነው መለሱላት።

«የገደለው ድንጋይ ነው፤ ደም እንደነካው ከምንጩ አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ አግኝተነዋል። ታዲያ ሳጥኑ እንዴት እዚያ ደረሰ?» ወረቀቱን ዘረጋች። «ትናንት በአሥር ሰዓት ተኩል መሬት ነካ። ግፊቱ እንደሚለው ያረፈበት ቦታ ከምንጩ ሦስት መቶ ሜትር ከፍ ይላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ያለው የዋልልኝ የገብስ ማሳ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይነቃነቅ ቆየ። ከዚያ ግፊቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ በአርባ ደቂቃ ምንጩ ጋ ደረሰ። ይህ የእግር መንገድ ነው።»

«ተንከባሎ ይሆናላ» አለ ዋልልኝ።

«የተንከባለለ ነገር አይሞቅም። ላይ ሳለ አሥር ዲግሪ ነበር፤ መንገድ ላይ ሠላሳ ገባ፣ እርጥበቱም ጨመረ። ምንጩ ጋ እንደገና በረደ። ጋቢ ሥር፣ የሰው ገላ ላይ ተለጥፎ ወርዷል። አስናቀን ሾፌሩ መስክሮለታል። መክሊት በዚያ ሰዓት እዚህ ሆና ልኬቱን በስልክ ለአለቆቿ ስታነብላቸው ነበር። ላይ የነበረው ማን እንደሆነ ራስህ ነገርኸኝ፤ አንተና ጭላዳ። ጭላዳ ጋቢ አይለብስም።»

ዝናሽ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ዋልልኝ ቀረበች።

«ሬሳው ታች ስለሆነ ላይ መዋልህ የሚያድንህ መሰለህ» አለች። «ሳጥኑ ፊትህ ሲወድቅ መንደሩ በማን እንደሚያሳብብ አወቅህ። ደሳለው በስንት ሰዓት ውኃ እንደሚወርድም ታውቃለህ።»

ዋልልኝ ማሬ ላይ አፈጠጠ። «ሦስት ጊዜ ልመልስሽ ሄድሁ። ወንድምሽ ሦስት ጊዜ ውሻ ለቀቀብኝ።»

«የቀረችኝን ክንድ ልትሰብር ነው የመጣኸው» አለችው።

ፖሊሶቹ እጁን አስረው ወሰዱት። ሕዝቡ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። አያ ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብዙነሽ፣ እንግዲህ ይለፍ።»

ብዙነሽ የልጇን እጅ ይዛ በመካከላቸው አለፈች። ከግቢው በር ስትደርስ ዞረች።

«ልጄን ያለ ዳኛ ልትበሏት ደጄ መጥታችሁ፣ ይለፍ የምትሉትም እናንተው ናችሁ?» አለች። «እሱን የምለው እኔ ነኝ፣ አያ ሙላቴ። ገና አላልሁም።»