የሰባት ቀን ኪኒን

ሕፃኑ ያለ ወሩ ተወልዶ፣ ሦስት ቀን አቃስቶ፣ በማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ጠዋት ላይ ሞተ። ሬሳው ገና ሳይነሳ የአባቱ እናት ፖሊስ ጠርተው ምራታቸውን ከሰሱ። «መድኃኒቷን ሆን ብላ ደፍታ ነው፤ ልጁን አልፈለገችውም» አሉ። አራሷ አልጋዋ ላይ አቀርቅራለች። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል፤ ለማን ይሆን እንግዲህ!

ክሱን እንድታጣራ የተላከችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ወሬ እሷ ዘንድ ሳይነፋ አያልፍም። ሐኪሙ ነገሩን ባጭሩ ነገራት። እናትየዋ በእርግዝናዋ ጊዜ የብልት ኢንፌክሽን ነበረባት፤ በሱ ሰበብ የሽርት ውሃዋ ያለጊዜው ፈሰሰ፣ ተህዋሱም የልጁ ሳንባ ውስጥ ገባ። በሰባት ቀን ኪኒን የሚድን ነገር ነበር። የክትትል ካርዷ ላይ ደግሞ «ታክማለች» ይላል። ኪኒኑን ሆን ብላ ሳትውጥ ቀርታ ከሆነ ወህኒ ይጠብቃታል።

አዋላጇ ካርዱ ላይ ምልክት የምታደርገው መድኃኒቱ ሲታዘዝ እንጂ ሲዋጥ እንዳልሆነ አንገቷን ደፍታ አመነች። ወረፋው መከራ ነው፤ ሁሉም እንደዚያው ነው የሚሠራው። መጠጥ ክልክል መሆኑን ፖስታው ላይ ጽፋ ኪኒኑን የሰጠችው ለባልየው ነበር። በሽታው በባልና ሚስት መካከል ስለሚመላለስ እሱም ይመርመር ብትለው፣ ወንድ ልጅ እርጉዝ ክፍል ምን ይሠራል ብሎ ስቆባት ሄደ።

አራሷ በበኩሏ ባሏ ጠዋትና ማታ በእጁ እየሰጣት አንዲት ሳታጓድል መዋጧን ማለች።

«ጣዕሙ እንዴት ነበር?» አለቻት ወንፊት።

«ጣፈጥ ይላል።»

አማትየዋ ልጃቸውን ማሞገስ ከጀመሩ ማን ይችላቸዋል! ሚስቱን እንደ እንቁላል ሲንከባከባት እንደከረመ፣ ለሚወለደው ልጅ ሲል መጠጥ እንኳ ሳምንት ሙሉ እርግፍ አድርጎ እንደተወ ተረኩላት።

«መቼ ነበር እማማ?»

«ያ ኪኒን የታዘዘላት ሳምንት። ከዚያማ ያው ጀመረ።»

ወንፊት ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀው አልነበራትም። ባልየውን፣ እናቱንና አዋላጇን በአራሷ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ያ መድኃኒት ምርር ያለ ነው፤ የብረት ጣዕሙ ከአፍ አይለቅም» አለች። «ይቺ ልጅ የዋጠችው ጣፋጭ ቪታሚን ነው። እውነተኛውን የሚውጥ ሰው መጠጥ መተው አለበት። በዚያ ሳምንት ከዚህ ቤተሰብ መጠጥ የተወ አንድ ሰው ነው። በሽታውን ያመጣው እሱ ነው፤ እሱም አሞታል። ክሊኒክ ቢመጣ ግን ስሙ ይመዘገባል፣ ከየት አመጣኸው ይባላል። ስለዚህ የሚስቱን ኪኒን ዋጠ።»

አማትየዋ ልጃቸው እንዲክድላቸው አፉን አፉን አዩት። እሱ ወለሉን እያየ ነው።

«ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ነበር» አለ። «ለሁለት አይበቃም።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል! ወንፊት ስንት ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ እንደዚህ ሒሳቡን አስተካክሎ የሚነግራት ግን አልገጠማትም። አሮጊቷ ወንበር ላይ ተዘረፈጡ።

አራሷ ልጇ ከሞተ ወዲህ ገና አሁን ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«አንተስ ዳንክ?» አለችው።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።