ለስድስት የጠፋው ቃል

የእማማ አትጠገብ የልብ ትርታ ኮምቦልቻ ላይ ይነበብ ነበር። ራስ-ነጅ የምትባለው ሾፌር አልባ መኪና ከወረኢሉ ወደ ደሴ ሆስፒታል ይዛቸው ስትሄድ፣ መቀመጫዋ ትርታቸውንና ትንፋሻቸውን እያዳመጠ ቁጥር ይልካል። ኮምቦልቻ ያለው፣ የመኪኖቹን ልኬት የሚያስተካክለው ክፍል ደግሞ ቁጥሩን በሰንጠረዥ ወደ ቃል ይመልሰዋል፤ ዜሮ «ባዶ»፣ አንድ «ነቅተዋል»፣ ሁለት «ተኝተዋል»። ቤተሰብ የሚያየው ቃሉን ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ለማንም ብርቅ አልነበረም።

የክፍሉ ኃላፊ ደርበው የእማማ አትጠገብ ልጅ ነው።

«እሰይ፣ ተኛችልኝ!» አለ ስክሪኑን እያየ። «ስታቃስት ነው ያደረችው። ምነው ይቺ መኪና እንዲህ በረረች? ትቀሰቅስብኛለች እኮ!»

ቀስ እንድትል አዘዛት። ራስ-ነጅ የቤተሰብን ትእዛዝ አትሽርም፤ ፍጥነቷን ቀነሰች።

አጠገቡ የምትሠራው ሶልያና ነገሩ አልጥም አላት። ለተኛ ሰው መኪና መች ትቸኩላለች? ጥቂት ቆይታ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ቁጥር ከፈተችና ክው አለች። ሰባት ነበር። ወደ ኋላ መለስ ብላ፣ ደርበው ቀስ በይ ያለበትን ሰዓት አየች። ስድስት።

ሰባት ሞት ነው። ስድስት ልቡ እየደከመ ያለ፣ ግን ከተፋጠኑለት የሚተርፍ ሰው። ሰንጠረዡ ሲዘጋጅ ደርበው «መርዶ በመኪና አይነገርም፣ የሚያረዳ ሰው አለ» በማለቱ ለሰባት «ተኝተዋል» ተባለ። «ለስድስትስ?» ሲባል «ሳይሞቱ ሞት መጥራት ሟርት ነው» ተባባሉና እሱንም «ተኝተዋል» አሉት። «መኪናዋ እንደሆነች ስድስት ስታይ ራሷ ትሮጣለች፣ ማን ቀስ በይ ይላታል?» ብለው ነበር። ሶልያናም እጇን አውጥታ ደግፋለች። አይ ሰው! ደግነቱ እንኳ ጣጣ አያጣውም።

«ምን ሆነሻል?» አላት ደርበው።

ወጉ ቢሆን ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ዘመድ ከቦት ነበር የሚረዳው። ግን በቁጥር ያረጀን ሰው በምን ያታልሉታል?

«ስንት ላይ ናት?»

«ሰባት፣ ጋሼ።»

ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ቀስ በይ ስላትስ?» አለ። «ያኔ ስንት ነበር?»

ሶልያና ስክሪኗን ከዓይኑ ዞር አደረገች። «ያኔም ሰባት ነበር። የሚደረግ ነገር አልነበረም፣ ጋሼ።»

«ተመስገን» አለና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። የሥራ ባልደረቦቹ ተሰበሰቡ።

ሶልያና ግን ማልቀስም አልቻለች። በዚያች ሰዓት ስንቱ መኪና የሰው እናት ይዞ መንገድ ላይ ነው! ስድስትን እንዳለ ብትተወው፣ ነገ ሌላ ልጅ እናቱ የተኛችለት መስሎት ቀስ በይ ይላል። ልታርመው ብትል ደግሞ ያለ ደርበው ፈቃድ አንዲት ቃል አትለወጥም፤ ስድስትን ካነሳችበት ውሸቷን ይነቃባታል። እያየች ዝም ትበል? አልሆነላትም። በስድስት ፊት ያለውን ቃል አጠፋችው።

«ለውጡ ይጽደቅ?» የሚል ጥያቄ ደርበው ስክሪን ላይ ወጣ። ሰዎቹ «አሁን ተወው» አሉት። እሱ ግን ባዶውን ቦታ አየ፤ ከዚያ ሶልያናን አየ።

«ስድስት ላይ ነበረች» አለ።

ሁለተኛ መዋሸት አቃታት። አንገቷን ደፍታ ተንሰቀሰቀች።

ደርበው እንባውን በመዳፉ ጠረገ።

«ታዲያ ባዶውን ልትተይው ነው? ጻፊ» አላት። «‹ገና በሕይወት አሉ፣ ፍጠኑ› በይ።»

ጻፈችው፤ እሱም አጸደቀው።